የአክስቴ ነጠላ

ዛሬ አምባሰል፣ አክስቴ ጋ ዋልኩ። የድንጋይ ከሰል ቁፋሮው ወደ ቤቶቹ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ተጨንቋል። ጠዋት አጥባ ያሰጣችውን ነጠላ ቀትር ላይ አንስታ አሳየችኝ። አቧራ ጠጥቶ ጥለቱ ጠቁሯል።

«ልጄ፣ ይሄ ልብሱ ነው። ሳንባችንስ?»

ምን ልበላት? ከሰሉ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶችም አሉ፤ እነሱን አልቃወምም። ግን በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። ከጠየቅኳቸው ጎረቤቶች ጥናቱን በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አላገኘሁም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ቤቱ የእነሱ፣ ምንጩ የእነሱ፤ ወሬውን የሚሰሙት ግን ከመንገድ ነው።

ስወጣ አክስቴ ነጠላውን እንደገና ውሃ ውስጥ ነክራው ነበር።