የተሰወረውን ተህዋስ የገለጠ አምላክ

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህ ምስክርነት ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላት፣ ቫልቯ ላይ በሰፈረ ብዙ ጊዜ በማይታይ ባክቴሪያ ታማ ስለዳነች እህታችን ነው። እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ሕክምናውን በዝርዝር ያስቀመጥነው የእግዚአብሔር እጅ የቱ ጋ እንደነበረ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ነው።

ባክቴሪያው ስቴኖትሮፎሞናስ ማልቶፊሊያ ይባላል። ውኃና እርጥበት ባለበት ይኖራል፤ በቧንቧ አፍ፣ በእጅ መታጠቢያ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ። ጤነኛን ሰው እምብዛም አይጎዳም። ረጅም ጊዜ የቆየ የደም ሥር ካቴተር (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ) ካገኘ ግን ላስቲኩ ላይ ተለጥፎ ይራባና ወደ ደም ይገባል። እሷም ጋ የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ትኩሳቱ ሲጀምራት የተጸለየው አንድ ነገር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ።» መልሱ የመጣው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት በተቀዳው ደም ነው። ከሦስት የተለያየ ቦታ፣ በእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለሁለት ጠርሙስ እኩል ተከፍሎ። ቆዳው ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ተጠርጎ እስኪደርቅ ተጠበቀ፤ የጠርሙሱም ክዳን በአልኮል ተጠረገ። ብዙ ሕመምተኛ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ከቀደመ ካልቸሩ (ተህዋሱን ከደሙ የማብቀል ምርመራው) ምንም ሳያበቅል ሊቀር ይችላል፤ ደሙ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተቀዳ ደግሞ የበቀለው «ከቆዳ የመጣ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የእሷ ሦስቱም ያንኑ ተህዋስ አበቀሉ።

ይህ ባይሆን ኖሮ መጀመሪያ በታዘዙላት ቫንኮማይሲንና ጄንታማይሲን በተባሉ አንቲባዮቲኮች ትቀጥል ነበር። ቫንኮማይሲን እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም፤ ጄንታማይሲንንም አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋመዋል። ጠንካራ የሚባለውን ሜሮፔነምን እንኳ በራሱ ኢንዛይም ይሰብረዋል። የሚሠራው በጣም የታወቀውና ርካሹ ኮትሪሞክሳዞል ሆኖ ተገኘ። ስሙ ይባረክ!

ካቴተሩ መጀመሪያ ወጣ፤ እሱ ሳይወጣ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ኮትሪሞክሳዞሉ የሚሰላው በውስጡ ባለው ትራይሜቶፕሪም ነው፦ በቀን በኪሎ 15 ሚሊ ግራም። ለ64 ኪሎ ሰው 960 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ባለ 5 ሚሊ ሊትሯ አምፑል 80 ስለምትይዝ በቀን 12 አምፑል ማለት ነው። እያንዳንዷ በ125 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ዴክስትሮስ ከተበጠበጠች በቀን አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ይገባል፤ ለደከመ ልብ ከባድ ነው። ስለዚህ በ75 ተበጠበጠ። እንዲህ ሲወፍር ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከቆየ ደለል ይሠራል። ሌቮፍሎክሳሲን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክም ተጨመረላት።

እንደ እሷ ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ ለሚወስድ ሰው እዚህ ትልቅ አደጋ አለ። ሁለቱም መድኃኒቶች የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታሉ፤ አይ ኤን አር (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሰቀልና አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። የእሷ ቶሎ ቶሎ እየተለካ ዋርፋሪኑ ተቀነሰ። ፖታሲየም፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒንና የደም ሴል ቆጠራም አብረው ይታዩ ነበር።

የልብ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሳየው ምርመራ) በየጠዋቱ ይነሣ ነበር። የፒ አር ርዝመት (የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከልብ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ) ከ200 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ ከአንድ ትልቅ ሳጥን፣ እያለፈ ከሄደ በአኦርታ ቫልቭ ዙሪያ መግል ቋጥሮ የልብን የኤሌክትሪክ መስመር እየነካ እንደሆነ ያስጠረጥራል። ያኔ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ቀዶ ጥገናም የእግዚአብሔር መልስ ነው፤ ብዙዎችን በእሱ አድኗል። የእሷ መስመር ግን ከሳጥኑ አላለፈም። በጉሮሮ በኩል በተደረገው ኢኮም (የልብ አልትራሳውንድ) መግል አልታየም።

ትኩሳቱ ሲለቃት «ተፈውሰሻልና መርፌው ይቁም» ያሏት ወዳጆች ነበሩ። አላቆመችም፤ ደግ አደረገች። ቫልቩ ላይ ደም በሚያረጉት በፋይብሪንና በፕሌትሌት የተሸፈነው ተህዋስ ቀስ ብሎ ስለሚራባ መድኃኒቱ በቶሎ አይጨርሰውም፤ ትኩሳት ጠፍቶም ሊኖር ይችላል። ካልቸሩ በየ48 ሰዓቱ ተደገመ። የሕክምናው ስድስት ሳምንት የተቆጠረውም መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን ምንም ያልበቀለበት የመጀመሪያው ደም ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ነው።

መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ የተቀዳው ደም ንጹሕ ሆነ። ኢኮው ላይ ቫልቩ በሙሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በዙሪያው የሚያመልጥ ደም የለም። ክብር ሁሉ ለእግዚአብሔር ይሁን፤ አሜን።