ከዕዳ የወጣሁት ሳንቲም ሳልከፍል ባገኘሁት ምክር ነው

ከወጥ ቤቴ በር ጀርባ አንድ ሰማያዊ ፌስታል ተንጠልጥሎ ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ፖስታው ላይ የላኪውን ምልክት አይና ሳልከፍት እዚያ ውስጥ እከተዋለሁ። ስምንት ወር እንዲህ ኖርኩ። አንዱ ሲሞላ ሁለተኛ ፌስታል ደረብኩበት። ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ እነዚህን ለምን አትከፍቻቸውም?» ስትለኝ «የማስታወቂያ ወረቀት ነው» አልኳት። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። እንዳላመነችኝ ዓይኗ ላይ አየሁት።

ለንደን ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን በብዙ ነገር እንመካከራለን። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ያለበት፣ ቤት የሚፈልግ፣ ሥራ ያጣ ሰው ደውሎ የሚያማክረው አያጣም። ዕዳ ላይ ስንደርስ ግን አፋችን ይዘጋል። እኔም አፌን ዘግቼ ስለቆየሁ ነው ይህን ያህል የተጎዳሁት፤ ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከነቁጥሩ እጽፋለሁ። የምናገረው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነውና እዚያው ጠይቁ።

ሥራዬ ኬር ነው። በመኪናዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። በ2023 መጀመሪያ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለ። ሆስፒታሉ ገንዘቡን በቅድሚያ ፈለገ። አንዱን ክሬዲት ካርድ ጨረስኩ፣ ሁለተኛ አወጣሁ፣ ከዚያም ከባንክ ተበደርኩ። አልበቃም። ዕቁብ ገባሁ፤ 30 ሰው፣ በሳምንት 100 ፓውንድ። ከአቅሜ በላይ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የገባሁት። ዳኛው ችግሬን ስለሚያውቁ በአራተኛው ሳምንት አስቀድመው ሰጡኝ፤ 3,000 ፓውንድ። ዋስ የሆኑኝ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው፤ ከእኔ በፊት እዚህ አገር የመጡ፣ ልጄን ሲያስፈልግ የሚይዙልኝ፣ እንደ ታላቅ እህት የማያቸው።

እናቴ ዳነች። እኔ ግን በስድስተኛው ሳምንት የሥራ ሰዓቴ ተቀነሰ። የዕቁቡን ቀሪ 24 ሳምንት እትዬ ከኪሳቸው ከፈሉልኝ፤ 2,400 ፓውንድ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። የባንክን ደብዳቤ ፌስታል ውስጥ መክተት ይቻላል፣ የእሳቸው ዝምታ ግን ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ፊት ለፊቴ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጁላይ 2023 ነው። ፌስቡክ ላይ «በመንግሥት ሕግ ዕዳዎን እስከ 80 በመቶ ያሰርዙ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ስልክ ቁጥሬን ሞላሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደወሉልኝ። ሰውዬው እጅግ ትሑት ነበር፤ ስሜን እየጠራ ያናግረኛል። አይ-ቪ-ኤ የሚባል፣ ለአበዳሪዎች በየወሩ እየከፈሉ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዝበት ውል እንድፈርም ነገረኝ፤ በወር 160 ፓውንድ ለ5 ዓመት። ትርፍ 160 ፓውንድ የለኝም ስለው የምግብ ወጪዬን እየቀነሰ፣ የልጄን ልብስ እያወጣ፣ ወረቀት ላይ ትርፍ ፈጠረልኝ። በካልኩሌተር መታሁት፤ 9,600 ፓውንድ። ከዚያ ውስጥ ብዙው ውሉን የሚያስተዳድረው ሰው ክፍያ እንደሚሆን የገባኝ በኋላ ነው። ያልፈረምኩት ብልህ ሆኜ ሳይሆን ፈርቼ ነው፤ ስልኩን ዘጋሁ፣ ከዚያም ማንንም ማነጋገር ተውኩ። አይ-ቪ-ኤ በራሱ ሕጋዊ ነገር ነው፤ ቤት ላለውና የተሻለ ገቢ ላለው ሰው የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ለእኔ ግን አይሆንም ነበር፤ ይህንም ሊነግረኝ የሚገባው ሰው ደንበኛ አሳልፎ በመስጠት ገንዘብ የሚያገኝ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ምክር እየሰጡ እንዲህ ዓይነት ኮሚሽን የሚቀበሉ ድርጅቶችን ከልክሏል። ማስታወቂያው ግን ዛሬም ስልኬ ላይ ይመጣል።

ከሴፕቴምበር ጀምሮ ፌስታሉ ተሰቀለ።

ኤፕሪል 2024፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ልጄን ጸጉሯን እየሠራሁላት በሩ ተንኳኳ። በካውንስል ታክስ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር በሚከፈለው የመኖሪያ ቤት ግብር ዕዳ የተላከ ቤይሊፍ (ዕዳ አስከፋይ) ነው። እጄ ሹሩባዋ ላይ ቀረ። አልከፈትኩም። በደብዳቤ ማስገቢያው በኩል ወረቀት አስገብቶ ሄደ፤ በዕዳው ላይ 235 ፓውንድ የመምጫ ተጨምሮበታል። ከዚያ በፊት ጉዳዩ እጁ ሲገባ የተጨመረ 75 ፓውንድም ነበር፤ ደብዳቤው ፌስታሉ ውስጥ ነው። ያኔ የማላውቀው ነገር፣ በሩን አለመክፈቴ ትክክል ነበር። በካውንስል ታክስ ዕዳ የመጣ ቤይሊፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ በር ሰብሮ ወይም ገፍቶ መግባት አይችልም፤ ከፍተሽ ካስገባሽው ግን ዕቃሽን ይመዘግባል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። መኪና ውጭ ከቆመች ደግሞ ሊይዛት ይችላል። የእኔ መኪና ሁለት መንገድ አልፋ ነበር የቆመችው፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ፤ ያለሷ ሥራ የለኝም።

በዚያው ሳምንት ልጄን የቤት ሥራዋን ልታሠራ ቤተ መጻሕፍት ወሰድኳት። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ናሽናል ዴትላይን የሚባል የዕዳ ምክር መስመር ቁጥር አየሁ፤ 0808 808 4000። መደወሉም ምክሩም ነፃ ነው። ውጭ ወጥቼ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ያህል ዕዳ እንዳለብኝ አይደለም፤ «ዛሬ ቤት ውስጥ ምግብ አላችሁ? መብራት አለ?» ነው ያለችኝ። አለቀስኩ። ስጨርስ ጠብቃኝ ነበር። ቤይሊፉ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል የነገረችኝ እሷ ናት። የእኔ ጉዳይ ማመልከቻ ስለሚያስፈልገው በአካል እንድሄድ ሲቲዝንስ አድቫይስ ወደሚባለው የነፃ ምክር ድርጅት ላከችኝ። ስቴፕቼንጅ የሚባለውም እንዲሁ ነፃ ነው፤ ስልክ ማውራት ለሚከብደው በኢንተርኔት ይሠራል። ከሦስቱ አንዳቸውም ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ከመጣ እነሱ አይደሉም።

እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ሥራዬም በእንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም በቀጠሮዬ ቀን አስተርጓሚ ጠየቅሁ፣ በስልክ አማርኛ አገናኙኝ። ይህ ከወሰንኳቸው ነገሮች ሁሉ የተሻለው ነበር። ዕዳን በሰው ቋንቋ ማስረዳት ሰውን ያሳንሰዋል፤ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ ያልገባኝን ገባኝ እል ነበር። አማካሪዋ «ብሪዚንግ ስፔስ» ስትል አስተርጓሚው ትንሽ ቆም አለና «የመተንፈሻ ጊዜ» አለኝ። ቃሉን ስሰማ ትከሻዬ ወረደ።

ፌስታሎቹን ይዤ ነበር የሄድኩት። አማካሪዋ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸውና በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ከፈተች። ሁለት ክምር አደረገች። በግራ በኩል ካውንስል ታክስ 1,870፣ መብራትና ጋዝ 940። በቀኝ በኩል ካርዶቹ 4,100 እና 3,650፣ የባንክ ብድር 5,200፣ የስልክ 410። ከዚያ የግራውን ክምር ወደ እኔ ገፋችውና «ከእነዚህ ጀምሪ» አለች። እኔ በተቃራኒው ነበር ስሠራ የኖርኩት። ካርዶቹ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚደውሉ ያለኝን ለእነሱ እሰጣለሁ፤ ካውንስሉ ዝም ስላለ ታጋሽ መስሎኝ። የካርድ ዕዳ ቤትሽን አያስለቅቅም፣ መብራትሽን አይቆርጥም። ካውንስል ታክስ ግን አንድ ወር ዘልለሽ ማስጠንቀቂያውን ካሳለፍሽ የዓመቱን ሙሉ ቀሪ በአንድ ጊዜ ይጠይቅሻል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ቤይሊፍ፤ እንግሊዝ ውስጥ ሆን ብሎ እንቢ ያለ ሰው እስከ መታሰርም ይደርሳል። እኔና ልጄ ብቻችንን ስለምንኖር 25 በመቶ ቅናሽ ይገባኝ እንደነበርም የነገረችኝ እዚያው ነው። ለዓመታት ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

በጀቱን ስንሠራ ለእናቴ መድኃኒት የምልከው ላይ ቆየን። እንድደብቀው ልቤ ነግሮኝ ነበር፤ ግን የላክሁበትን ደረሰኝ አወጣሁ። ከ80 ፓውንድ ወደ 30 አወረድነውና ምክንያቱ ተጽፎ ገባ። ሁሉም ተደምሮ ተቀንሶ በወር የሚተርፈኝ 41 ፓውንድ ሆነ። ያ ሰው በስልክ 160 ያደረገው።

የመተንፈሻ ጊዜው የጀመረው ሜይ 8 ቀን 2024 ነው። ሕጉ ከ2021 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለ60 ቀን ወለድና ቅጣት ይቆማል፣ አበዳሪ መደወል አይችልም፣ ቤይሊፍም መምጣት አይችልም። ማመልከት የሚችለው አማካሪ ነው፤ አንቺ በራስሽ አትችይም። የየወሩን ኪራይና መብራት ግን መክፈል ግዴታ ነው፤ ካቋረጥሽ ሊሰረዝ ይችላል። በአራተኛው ቀን ስልኬ ጸጥ አለ። ተበላሽቶ መስሎኝ ለእህቴ ደውዬ መልሳ እንድትደውልልኝ ጠየቅኋት።

ዘላቂው መፍትሔ ዴት ሪሊፍ ኦርደር የሚባለው የዕዳ ማቃለያ ትእዛዝ ነበር። ብዙ ንብረት ለሌለው፣ በወር ከ75 ፓውንድ በላይ ለማይተርፈው ሰው ነው፤ 12 ወር ይቆያል፣ በዚያ ጊዜ አበዳሪ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ሲያልቅ የተዘረዘረው ዕዳ ይሰረዛል። ለማመልከቻ የሚከፈለው 90 ፓውንድ ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቶ ነበር። ችግሩ መኪናዬ ነች። ዋጋዋ 3,200 ወጣ፣ የሚፈቀደው ደግሞ 2,000 ነው። አማካሪዋ ቀን መቁጠሪያዋን አየችና «ከጁን 28 ጀምሮ 4,000 ይሆናል፤ እንጠብቅ» አለች። በዚያው ቀን የዕዳው ጣሪያም ከ30,000 ወደ 50,000 ከፍ ብሏል። የመተንፈሻው ጊዜ ሳያልቅ፣ በጁላይ መጀመሪያ ተፈቀደልኝ። ሳንጠብቅ ሜይ ላይ ብናመለክት ኖሮ በመኪናዋ ምክንያት ውድቅ ይሆንብኝ ነበር። ስለዚህ ነው ጓደኛ የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ የምለው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልመጣ። አማካሪዋ «ሌላ ለማንም የምትከፍይው አለ? ለጓደኛ፣ ለዘመድ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ከዚያ አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልሰው «ቆይ» አልኩት። ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ ዋስ ምን እንደሆነ አስረዳናት። የእትዬ 2,400 መዝገቡ ውስጥ መግባት እንዳለበት ነገረችኝ፤ ጠቅላላው 18,570 ሆነ። ለእሳቸው በጎን እየከፈልኩ ሌሎቹን ልተው ማለት አይቻልም፣ አንዱን አበዳሪ ማስበለጥ ይሆናል፤ ደብቄ ብተወው ደግሞ ትእዛዙ ሊሰረዝ ይችላል። እሳቸውም እንደ ባንኩ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ግን በራሴ ፈቃድ ብሰጣቸው የሚከለክለኝ የለም።

የመንግሥት ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ቤታቸው እንዳይደርስ በዚያው ቅዳሜ ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስማቸው ከባንክ ጋር ማመልከቻው ላይ እንደሚጻፍ፣ ለአንድ ዓመት ሳንቲም ልሰጣቸው እንደማልችል። ጀበናውን አውርደው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ገንዘቡን አይደለም፤ ስትሸሺኝ ነው የከፋኝ» አሉ። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ምን ያህል ነገር ይቀልልኝ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ዋጋ አለው፤ አልደብቅም። ስሜ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ወጣ፣ የክሬዲት ታሪኬ ለ6 ዓመት ተበላሽቷል፣ በዚያ ዓመት 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለመበደር ሁኔታዬን መናገር ነበረብኝ። ዜግነት ያላገኛችሁ ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን አማካሪም ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ስልክ ለመደወል ደብዳቤዎቹን ሁሉ መክፈት አያስፈልግም። እኔ አንዱንም ሳልከፍት ነው የደወልኩት። ለቀጠሮው ግን የሦስት ወር የባንክ መግለጫና የደመወዝ ወረቀት ያዙ። ለአገር ቤት የላካችሁበትን ደረሰኝም አትርሱ።

ጁላይ 2025 ትእዛዙ አለቀ። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ እንደገባልኝ 50 ፓውንድ ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ቆጠሩት፣ ከቦርሳቸው የዕቁቡን አሮጌ ደብተር አወጡ፣ ቀኑንና መጠኑን ጻፉ፣ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። ፈረምኩ። 2,350 ቀረ።