ሚያዝያ ላይ የወጣ ፋይል

ስልኩ የተደወለው ከጎባ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለው አስጎብኚ ቢሮ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ወጥቶ፣ የቀረችው የጉዞ ዕቅድ የምታዘጋጀው ልጅ ብቻ ናት።

«ጋሼ፣ በሰላም ገባችሁ?»

«ሰላም ነን ልጄ። ግን ሪራ አልደረስንም። ተመልሰን እዚሁ ጎባ ልናድር ነው።»

ሹፌሩ የባሌን መስመር እንደ ሰፈሩ የሚያውቅ ሰው ነው። ላንድክሩዘሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሳነቴን ሜዳ አቋርጦ የሪራ መንደር ወዳለችበት ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ጠመዝማዛ አፋፍ ላይ ሲደርስ ዝናቡና ጉሙ አንድ ላይ መጡ። ወርዶ መንገዱን በእግሩ ሞከረው፤ ጫማው ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ቁልቁሉን መንሸራተት ይቻላል፤ በማግሥቱ መውጣት ግን አይቻልም። ከኋላ አራት የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። መኪናውን አዞረ። ልክ ነበር፤ በዚያ ቀን ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው።

እንግዶቹ የመጡት ለሁለት እንስሳት ነው፦ ለሰሜኑ ጭላዳና ለባሌ ጦጣ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኙም። ጉዞው 12 ቀን፣ መጀመሪያ ስሜን፣ ከዚያ ባሌ። ወሩ ሚያዝያ። በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ነበረበት፦ «ደረቅ ወቅት፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት»። ከማን እንደተቀዳ የሚያውቅ የለም፤ ከድሮ ብሮሹር ወደ ፋይል፣ ከፋይል ወደ ፋይል ሲገለበጥ የኖረ ነው። ሚያዝያ በዚህ መስመር ውስጥ ይገባል። ልጅቷም ከመላኳ በፊት በመስኮት አይታለች፦ ከሰዓት በኋላ የወረደው የበልግ ካፊያ አስፋልቱን አርሶ፣ ሊስትሮዎቹ ላስቲካቸውን እስኪያጥፉ እንኳ ሳይቆይ ደርቋል። ይህ ዝናብ መንገድ ይዘጋል ብሎ የሚያስብ ሰው የለም።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በልግ ለአዲስ አበባ አልፎ አልፎ የሚመጣ ካፊያ ነው፤ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ክረምት ነው። ለባሌ ደቡባዊ ገጽታ ግን በልግ ራሱ ዋና ዝናብ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር የሐረናን ዳገት ሲገጥም ወደ ላይ ይገፋና እዚያው ይራገፋል። ሐረና ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እርጥብ ነው፤ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ለመላው አገር አንድ «ደረቅ ወቅት» ብሎ የሚጽፍ ቢሮ ለስሜን በግማሽ ልክ ይሆናል፣ ለሐረና ይስታል።

መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮስ? ጦጣውን ማግኘት ያኔም ከባድ ነበር። የባሌ ጦጣ የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 3,250 ሜትር ገደማ ባለው የቀርቀሃ ጫካ ውስጥ ነው፤ ከሚበላው ሦስት አራተኛው የሚሆነው ቀርቀሃ ነው፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ። ቀርቀሃው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መንገድ መሪው ጦጣውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፦ የቅጠል መንኮሻኮሽ፣ የአገዳ መወዛወዝ፣ የተቆረጠ ቅጠል ሲወድቅ። ዝናብ ሲወርድ ቀርቀሃው ሁሉ ይንኮሻኮሻል፤ ጆሮ ሥራ ያቆማል። ሌንሱ በጉም ይደበዝዛል። ጦጣውም በባሕርዩ ዓይን አፋር ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ተኮማትሮ ዝም ካለ ከ10 ሜትር ላይም አይታይም። ደረቅ ጠዋት ግን ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ጠዋት ከተያዘለት፣ ዕድሉ ጥሩ ነው። አንድ ጠዋት ብቻ ይዞ ለባሌ ጦጣ የሚወጣ ዕቅድ ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ማታውኑ አማራጭ መፈለግ ነበረባት። ጎባ አንድ ቀን መጠበቅ? ሹፌሩ «ሰማዩ አይለቅም፣ አትጠብቂ» አላት። በማግሥቱ ዲንሾ ላይ ደጋ አጋዘን አይተው ወደ ሐዋሳ እንዲወርዱ ተደረገ። አሞራ ገደል ጉሬዛም ጦጣም ሰው የለመዱ ናቸው፤ ጉሬዛው ዛፍ ላይ ነጭ ጭራውን ለቆ ሲቀመጥ ከ5 ሜትር ይነሣል። እንግዶቹ አመሰገኑ። ግን የመጡለት እሱ አልነበረም፤ የባሌው ክፍል ገንዘብ ተመለሰላቸው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ስሜን ላይ የሆነው ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ማንም ስህተት አላየም። የአስጎብኚው ሪፖርት «ጭላዳ ታይቷል» ይላል። እውነት ነው፣ ታይቷል። እንግዶቹ ያነሷቸው ፎቶዎች ሲታዩ ግን ሣሩ ቡናማ ነው፣ ከበስተጀርባ ያለው ገደል በአቧራና በጭጋግ ተሸፍኗል፣ ጭላዳዎቹ ተበታትነው አቀርቅረው መሬት ይቆፍራሉ። አንድ ወንድ ጭላዳ በቅርብ ተነሥቷል፦ ጎፈሬው አፈር ለብሷል፣ ጣቶቹ እስከ ሁለተኛው አንጓ ጭቃ ናቸው፣ በአፉ ዳር የሥር ጭራ ተንጠልጥሏል። ውብ ፎቶ ነው። የጠየቁት ግን «አረንጓዴ ሣር ላይ ትልቅ መንጋ» ነበር፤ በመጀመሪያው ኢሜይላቸው ላይ ተጽፏል።

ጭላዳን የሚያውቅ ሰው ወሩን ከሣሩ ያነባል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቹ መካከል ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን እየነቀለ ይበላል፤ የፊቱ ሲያልቅ ሳይነሣ በቂጡ ተንፏቆ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። ሣሩ ለምለም ሲሆን በመቶ የሚቆጠር መንጋ አንድ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ለሰዓታት ይግጣል። ሣሩ ሲደርቅ ወደ ሥርና ወደ ተክል እንብርት ይዞራል፤ ለዚያ ደግሞ መቆፈር አለ፣ መራቅ አለ። ስለዚህ «ጭላዳ ዓመቱን ሙሉ ይታያል» የሚለው አባባል እውነት ሆኖ ሳለ ለፎቶ አንሺ ምንም አይነግረውም።

ስሜን ላይ ምርጡ ጊዜ ከመስቀል በኋላ፣ ከመስከረም 17 ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ሣሩ ለምለም ነው። መስከረም መጀመሪያ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ገና አለ፤ አንድ ሳምንት ለማትረፍ የሚጣደፍ ዕቅድ ጭቃ ያገኘዋል። ኅዳር ላይ ሣሩ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሰማዩ ግን የጠራ ነው። ታኅሣሥና ጥር ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ 3,250 ሜትር ላይ ያለው ሳንቃበር፣ ይልቁንም ከ3,600 ሜትር በላይ ያለው ጨነቅ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ለዚያ ሰሞን የሚከራየው የመኝታ ከረጢት ቢያንስ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሚችል መሆን አለበት፤ ቀጭን ይዞ የወጣ እንግዳ በሁለተኛው ሌሊት «ውረዱ» ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉም ነው፤ የመንጋውን ጫጫታ ትሰማላችሁ፣ መንጋውን አታዩም።

ሰዓቱም እንደ ወሩ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ አፋፉን ስትመታ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ፣ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ መጀመሪያ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ይፋተሻል፣ ከዚያ ይግጣል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት ክፍያ ከፍሎ፣ አጃቢ የፓርክ ጠባቂ (ስካውት) ይዞ፣ ሳንቃበር እስኪደረስ ጠዋቱ ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ለክፍያና ለመግቢያ ነው፤ ፎቶው የሚጀምረው ፓርኩ ውስጥ ካደሩ በኋላ ነው። ጎንደር አድሮ በማለዳ ደርሶ ለመመለስ የሚሞክር፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ለደርሶ መልስ ይቆጥረውና መልሱን ያገኛል።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ደብረ ሊባኖስ አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መነሣት ነው። መንዝ ጓሳ ደግሞ ለጭላዳ ከስሜን የማይተናነስ ቦታ ነው፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ጓሳ ሣር አለበት። ወደነዚህ ሁሉ ለመውጣት ግን ከወቅቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው ወይ? ይህን ከቦታው ሰው በስልክ ያላረጋገጠ ቢሮ ስለ ሣር ባያወራ ይሻላል።

ቢሮው ከዚያ ሳምንት በኋላ ያቺን አንድ መስመር ከፋይሉ ሰረዛት። በምትኩ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ገጽ ተከፈተ፦ ምን ይበላል፣ ምግቡ የሚበዛው መቼ ነው፣ የት ያድራል፣ እዚያ የሚያደርሰው መንገድ በየትኛው ዝናብ ይበላሻል። አምስተኛውን የጨመረችው ልጅቷ ናት፦ በዚያ ወር ምን በዓል አለ? ጥምቀት ሲደርስ ጎንደር አልጋ አይገኝም፤ የአውሮፕላኑም ወንበር እንዲሁ።

የኢትዮጵያውና የፈረንጆቹ የቀን አቆጣጠርም በአንድ ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ተጻፈ። ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ግን ጭላዳ አይተው በዚያው ከቦሌ ወደ ኢንቴቤ በርረው ጎሪላ ማየት የሚፈልጉ እንግዶች አሉ። የጎሪላ ፈቃድ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለውጭ ጎብኚ ኡጋንዳ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 800 ዶላር፣ ሩዋንዳ ከ2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ያስከፍላሉ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። አንድ ቡድን ከ8 ሰው አይበልጥም፤ ከጎሪላዎቹ ጋር የሚቆየው አንድ ሰዓት ነው፤ ከ15 ዓመት በታች አይገባም። «ሰኔ 10» ብሎ ለራሱ የጻፈ ሠራተኛ ጁን 10 ቢያዝዝ እንግዳው አንድ ሳምንት ይስታል፤ ሰኔ 10 ጁን 17 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 በአንድ ቀን ይንሸራተታል፤ የ2016 ጥምቀት የዋለው በጃንዋሪ 20 ነበር፣ እንደ ወትሮው 19 አይደለም። ለሩዋንዳ ሰዓቱም መታየት አለበት፤ ኪጋሊ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ወቅቱም እዚያ የራሱ ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ በጎርፍ ስትታጠብ የኡጋንዳው የጎሪላ ጫካ ብዊንዲ ከሁለቱ ደረቅ ወቅቶቹ አንዱ ላይ ነው፤ ከጁን እስከ ኦገስት። ሌላው ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው። ጫካው መቼም ጨርሶ አይደርቅም፤ የዳገቱ ጭቃ ግን ይቀንሳል። ከጃንጥላው ሥር ሆኖ «አሁን ወቅቱ አይደለም» የሚል ሠራተኛ ጥሩ ወር ያባክናል።

ከአራቱ ፎቶ አንሺዎች ሁለቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ተመለሱ። ወሩን የመረጠችው ልጅቷ ናት፤ ለስሜን ምርጡ አይደለም፣ ለሐረናም ደረቁ ወቅት ገና መግባቱ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለሚፈልግ ግን ከዚህ የተሻለ መገናኛ የለም። ለሪራ ሦስት ጠዋት ያዘችላቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎባ ስልክ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ?»

«ትላንትም ዛሬም አገኘናቸው። ዛሬማ እናቲቱ ከነልጇ ቀርቀሃው ላይ ተቀምጣ፣ ቅጠሉን እየላጠች ስትበላ ሩብ ሰዓት ቆሙላት። አንድ ነገር ግን ጻፊ።»

«ልጻፍ፣ ምን?»

«አቧራ። መኪናው ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ ካሜራቸውን በነጠላዬ ነው የሸፈንኩላቸው። ለሚቀጥለው ወፍራም ላስቲክና የመኪና አየር ማጣሪያ መለወጫ ጨምሪ።»

ከባሌ ጦጣ ገጽ ሥር፣ «መንገድ» ከሚለው ጎን፣ ጻፈችው።