የማናውቀው ሰው ኮምፒዩተር ያወጣውን ስሌት ማን ያምናል?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የታወጀው፣ በወቅቱ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል) 41,024,320 አኃዞች አሉት። ያገኘው ጆርጅ ዎልትማን በ1996 የመሠረተው ጊምፕስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ነው፤ ማንም ሰው ፕሮግራሙን በኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ፣ ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት ሰዓት ከማዕከሉ የተመደበለትን ቁጥር እንዲፈትን ያደርጋል። የቁጥሩ ግዝፈት ለዜና ይመች ይሆናል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ማሽኖች ያወጡት ውጤት ጥርጥር የማይገባው ለመሆን መቻሉ ነው።

ፈተናውን መግለጽ አይከብድም። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው 2ን ደጋግሞ በማባዛት ከሚገኘው ውጤት ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀሩትን፣ በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም የሚጠሩትን ብቸኛ ቁጥሮች ነው። አርቢው፣ ማለትም የሚባዙት 2ዎች ብዛት፣ 5 ቢሆን 32 እናገኛለን፤ 1 ሲቀነስ 31። ይህን ለመፈተን ከ4 እንነሣለን፤ በራሱ አባዝተን 2 እንቀንሳለን፣ ውጤቱንም ለ31 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። መጀመሪያ 14፣ ቀጥሎ 194 ይመጣል፤ 194 ለ31 ሲካፈል 8 ይተርፋል፤ 8 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስለት 62 ይሆናል፣ ይህም ለ31 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የእርምጃዎቹ ብዛት ከአርቢው በ2 ያንሳል፤ እዚህ በመጨረሻው፣ በሦስተኛው እርምጃ ዜሮ ላይ ስለደረስን 31 ብቸኛ ነው። የአዲሱ ቁጥር አርቢ ግን 136,279,841 በመሆኑ እርምጃዎቹ ከ136 ሚሊዮን ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ አኃዞች ያሉትን ቁጥር በራሱ ማባዛት ነው። መብራት ቢጠፋ (እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው) ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው ስለሚያስቀምጥ ከዚያው ይቀጥላል። አደጋው በሙቀት ወይም በተበላሸ ሚሞሪ ምክንያት አንዲት አኃዝ የተሳሳተች እንደሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ የመጨረሻው መልስም ስህተት መሆኑ ከመልኩ አይታወቅም።

መርሴን ራሱ በ1644 ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡ አርቢዎችን ሲዘረዝር 67ን በስህተት ከትክክለኞቹ ጋር ደርድሮት ነበር። የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ቢያሳይም አካፋዮቹን አላገኘም፤ ፍራንክ ኔልሰን ኮል 193,707,721ን እና 761,838,257,287ን እስኪያቀርብ ድረስ 1903 ደረሰ።

ጊምፕስ ለዚህ ችግር ያበጀው መላ ለረጅም ጊዜ ድግግሞሽ ብቻ ነበር፤ የአንዱን ሥራ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይሠራዋል፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። በ2017 ሮበርት ገርቢች፣ ከላይ ካየነው በተለየና «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ብሎ በሚመልስ ፈተና ላይ፣ ስሌቱ በመካሄድ ላይ እያለ ስህተቱን የሚይዝ ዘዴ አቀረበ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ፈታኙ ከውጤቱ ጋር ማስረጃ ስለሚልክ፣ ሌላው ሰው የሥራውን ጥቂት ክፍል ብቻ ሠርቶ ማረጋገጥ ይችላል። በእኔ እይታ ከየትኛውም የተገኘ ቁጥር ይልቅ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

የ2024ቱን ያገኘው የፕሮጀክቱ ተሳታፊ ሉክ ዱራንት፣ በ17 አገሮች በሚገኙ የመረጃ ማዕከላት ያሉ የግራፊክስ ፕሮሰሰሮችን አሰባስቦ ነበር። በደብሊን ያለው ማሽን ቁጥሩ ብቸኛ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ፤ በማግስቱ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ያለው ሌላ ማሽን አረጋገጠ፣ ከዚያም በተለያዩ ፕሮግራሞችና ማሽኖች እንደገና ተፈተነ። ማሽን ሲናገር ግን ሁልጊዜ የሚሰማ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ በመስከረም 2015 የሌላው ተሳታፊ የከርቲስ ኩፐር ኮምፒዩተር ያገኘው ቁጥር ማሳወቂያ ኢሜይሉ ሳይላክ ቀርቶ እስከ ጥር 2016 ድረስ ማንም ሳያየው ተቀምጧል።

እንዲህ ያለ አቅም ከመጣ በኋላ የቤት ላፕቶፕ ምን ይረባል የሚሉ አሉ። ነገር ግን አዲሱ ቁጥር 52ኛው የሚባለው ከታወቁት የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች መካከል ነው እንጂ፣ ከእርሱ በታች ያሉት አርቢዎች በሙሉ ሁለት ጊዜ ተፈትነው ስላላለቁ የተዘለለ ሊኖር ይችላል። በ2008 በነሐሴ 12,978,189 አኃዞች ያሉት ቁጥር ከተገኘ በኋላ፣ ከእርሱ የሚያንስ ሌላ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሌላም በ2009 ተገኝቷል። የእኔ ላፕቶፕ አሁን የተሰጠው ሥራ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት «ብቸኛ አይደለም» ብሎ የመለሰውን አንድ አርቢ እንደገና መፈተን ነው።