ከሲፎርድ ጣቢያ እስከ ኢስትቦርን፦ 14 ሰው በእግር የመራሁበት ቅዳሜ

ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የምንጠጣ ሰዎች አለን። አንድ ቀን አፌ አያርፍምና "ባሕር ዳር በእግር ልውሰዳችሁ" አልኩ። 14 ሰው እሺ አለ።

የመረጥኩት መንገድ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳር ካለው ከሲፎርድ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ኢስትቦርን ጣቢያ ላይ ያልቃል። 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና አያስፈልግም፤ ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ተነስቶ ሉዊስ ላይ ባቡር መቀየር ብቻ ነው። ከ3 እስከ 9 ሰው ሆነው ከጥድፊያው ሰዓት ውጪ ለሚሄዱ ከትኬቱ ሲሶው ይቀነሳል። ስለዚህ ሰዉን ለሁለት ከፍዬ ቆረጥኩ። ቀጠሮውንም ከባቡሩ 45 ደቂቃ ቀደም አድርጌ ነገርኳቸው። የሐበሻን ቀጠሮ አውቀዋለሁ። የመጨረሻዋ ሰው እየሮጠች ደረሰች።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። መንገዱን ላጥና ብዬ ብቻዬን ስሄደው ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። ያንኑ ስድስት ሰዓት ለሰው ተናገርኩ። 15 ሰው እንደ አንድ ሰው አይሄድም። አጥር በር በደረሰ ቁጥር ወረፋ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት አለ።

የከክሚር ወንዝ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ቦታ ማዶው ቅርብ ይመስላል። "ሱሪያችንን ሰብስበን እንሻገር" ያሉ ነበሩ። አይሆንም፤ ወደ ውስጥ እስከ ኤክሲት ድልድይ ወጥቶ በማዶ በኩል ወደ ባሕሩ መመለስ ግድ ነው። ይህን ጣቢያው ላይ ስላልነገርኳቸው ግማሹ ሰው መንገድ የጠፋብኝ መሰለው። ማጉረምረም ጀመሩ።

ኤክሲት ላይ ወደ ኢስትቦርን የሚሄድ 12 ቁጥር አውቶቡስ ይቆማል። እሱን ያጠናሁት አብረውን ለመጡት ለእማማ ብዬ ነበር። ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል። ፌርማታውን ሳሳያቸው ሳቁብኝ። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ በታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል በእግራቸው ይሄዱ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ይሄማ ማሟሻ ነው!" አሉኝ። አውቶቡሱ ላይ የወጣው አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣው ጎረምሳ ሆነ። ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ከዚያ "ሰባቱ እህቶች" የሚባሉት ነጭ የጠመኔ ገደሎች ጀመሩ። ሰባት ይባሉ እንጂ ሲቆጠሩ ስምንት ናቸው። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት። መጨረሻዋ ላይ አንዱ "ለካ ስምንተኛው ሺህ ይሄ ነው!" አለ። ገደሉን ባሕሩ ከሥር ስለሚበላው ሳይታሰብ ይናዳል። ጫፍ ላይ ፎቶ የፈለጉትን ተቆጣሁ፤ እዚያ ላይ ይሉኝታ የለኝም።

እስከዚያ ድረስ እኔ ፊት እየሄድኩ ወገኖቼ አንድ ኪሎ ሜትር ይበተኑ ነበር። እማማን ፊት አደረግኳቸው፣ እኔ ከኋላ ሆንኩ። እሳቸው አይፈጥኑም፣ አይቆሙምም። ሰልፉ ወዲያው ተሰበሰበ።

ሰባቱ እህቶች የሚያልቁበት ቢርሊንግ ጋፕ ስንደርስ እዚያ ያለው ካፌ ተዘግቷል። ዳቦ ቆሎና የፔርሙስ ሻይ ባንይዝ 162 ሜትር ከፍታ ያለውን የቢቺ ሄድ ገደል እንዴት እንደምንወጣው እንጃ።

ኢስትቦርን ጣቢያ የገባነው ስምንት ሰዓት ተኩል ከተጓዝን በኋላ ነው። ጎረምሳው ቺፕስ ይዞ ይጠብቀናል። እማማን ሲያይ ከአግዳሚው ብድግ አለ።

"ይቀመጡ እማማ።"

"ተቀመጥ ልጄ፣ እግሩን የታመመው አንተ ነህ።"