በደብረ ማርቆስ እስስት ማኖር፦ አንዷን ካጣሁ በኋላ ሁለተኛዋን እንዴት እንዳቆየኋት

የመጀመሪያዋ እስስት እኔ ዘንድ የኖረችው ሃያ ስድስት ቀን ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተዘግተው፣ ደብረ ማርቆስ ከሚገኘው ቤቴ ያለ ሥራ በዋልሁበት ሰሞን፣ የሰፈር ልጆች ከሰንሰል አጥር ላይ አውርደው በድንጋይ ሊቀጠቅጧት ሲሯሯጡ ደርሼ አስጣልኋት። እስስትን በእኛ አገር የሚወዳት ሰው ጥቂት ነው፤ በቃሉ የማይጸና ሰው በስሟ ይሰደባል፤ ቤት ከገባች ክፉ ነገር ታመጣለች የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ የማውቀው ነገር እሷን ለማኖር የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር። አልበቃኝም።

ያደረግሁት ሁሉ ለእሷ አዝኜ ያደረግሁት ነው። ብርድ እንዳይመታት ብዬ አሮጌ የዓሣ ማኖሪያ መስታወት ውስጥ አስገባኋት፤ እንዳይጠማት በጠርሙስ ክዳን ውሃ ቀድቼ አስቀመጥሁላት፤ ፀሐይ እንድታገኝ መስታወቱን ከመስኮቱ ሥር አኖርሁት፤ እንድትለምደኝ ደግሞ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እያወጣሁ እጄ ላይ አስኬዳት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰረጉ፤ ኩሷ ላይ የሚታየው ነጩ ክፍል ወደ ብርቱካንማ ተለወጠ፤ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ በተከፈተ አፍ መተንፈስ ጀመረች። በሃያ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ከመስታወቱ ወለል ላይ ሞታ አገኘኋት።

ኋላ ሳነብና ስጠይቅ እንደተረዳሁት፣ ውሃው ፊቷ ተቀምጦ የሞተችው በጥም ነው። እስስት የቆመን ውሃ ውሃ ነው ብላ አታውቀውም፤ በዱር የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠበውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው፤ ዓይኗን የሚስበውም የጠብታው መብረቅረቅና መንቀሳቀስ ነው። መስታወቱ ደግሞ አየር ስለማያስተላልፍ እርጥበቱ ውስጡ ታምቆ ሳንባዋን ጎዳው፤ በዚያ ላይ የራሷን ምስል በመስታወቱ እያየች ሌላ እስስት የመጣባት ይመስላት ነበር፤ እስስት ደግሞ ብቸኛ እንስሳ ናትና የሌላዋ መኖር ዕረፍት ይነሳታል። ከሁሉ የቆጨኝ የመስኮቱ ነገር ነው። የመስኮት መስታወት የፀሐይን ብርሃንና ሙቀት ያስገባል እንጂ አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር ያስቀረዋል፤ ቫይታሚን ዲ በቆዳዋ ውስጥ የሚሠራው ግን በዚያ ጨረር ነው፤ ያለ እሱ የምትበላው ካልሲየም አጥንቷ ላይ አይደርስም። ይህን ለተማሪዎች ሪኬትስ ስለሚባለው የአጥንት መለስለስ በሽታ ሳስተምር ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ!

ሁለተኛዋ የመጣችው በሰኔ መጀመሪያ ነው። አንድ ተማሪዬ የቀኝ የኋላ እግሯ ቆስሎ፣ ከጣቶቿም አንዱ ተቆርጦ በፌስታል ይዟት መጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ እስስት የዱር እንስሳ ናት፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ማንም እንደፈለገ ይዞ እንዲያኖር አይፈቅድም ነበር፤ የእስስት ዝርያዎች በዓለም አቀፍ ንግድ ረገድም ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ስለዚህ በማግስቱ ለሚመለከተው ባለሙያ አሳወቅሁ፤ እሱም እግሯ እስኪድንና ለትምህርት እስካገለገለች ድረስ እንዳቆያት፣ ከዚያም ከተገኘችበት ቦታ እንድመልሳት ተስማማን። ለመያዝ የሚያምራችሁ ሰዎች ከዱር አታውጡ። እኔም ሁለቱን ባላገኛቸው ኖሮ ባልያዝሁ ነበር።

ቤቷን ያሠራሁት ሰፈራችን ካለ አናጢ ነው። ስፋቱ በሁለቱም በኩል 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ፣ ሦስት ጎኑና ጣሪያው በፕላስቲክ የተለበጠ ወንፊት ሽቦ ነው። ቁመቱ ከስፋቱ መብለጡ በምክንያት ነው፤ እስስት ከሰው ዓይን በታች ስትሆን ትፈራለች፤ ከላይ ሆና ስታይ ነው የምትረጋጋው። መጀመሪያ የትንኝ መከላከያ መረብ ተጠቅሜ ነበር፤ ፌንጦቹ በሁለት ቀን በልተው ቀደዱት። ለመረማመጃ የወይራ ቅርንጫፎችን፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ ጋደም አድርጌ አሠርሁ፤ ለመሸሸጊያ አንድ የቡና ችግኝ ከነማሰሮው አስገባሁ። ጎረቤቶቼ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ለአጥርም ለጥላም ይሆናል ብለውኝ ነበር፤ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ስለሆነ አልነካሁትም።

ውሃው ብዙ አደከመኝ። በጠዋትና ወደ ማታ ከፀጉር ቤት በሚገኘው ዓይነት መርጫ ቅጠሎቹን እረጭ ነበር፤ እሷ ግን ሰው ከፊቷ ቆሞ አትጠጣም። በመጨረሻ ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ገዛሁና ከጣሪያው ላይ ካሰቀልሁት የውሃ ጠርሙስ ጋር አያያዝሁት፤ መቆጣጠሪያውን አጥብቄ በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ ከቡናው ቅጠል ላይ እንዲወድቅ አደረግሁ። ከበሩ ኋላ ሆኜ በቀዳዳው ሳይ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም፤ ከዚያ አንደኛው ዓይኗ ወደ ጠብታው ዞረ፤ ሌላው አሁንም ወደ በሩ ነበር። ቀስ ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ እንደ ቅጠል ወዝወዝ አለች፤ ሁለተኛውን እርምጃ ተራመደች፤ አገጯን ከቅጠሉ ጫፍ አሳርፋ ጉሮሮዋ ላይ ታች ሲል አየሁት። አርባ ደቂቃ ያህል ጠጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ የማየው የመጀመሪያ ነገር ኩሷን ነው፤ ነጩ ክፍል ነጭ ከሆነ ውሃ በቅቷታል፤ ወደ ቢጫ ካደላ ጠብታው እንዲረዝም አደርጋለሁ። ቤቱ ግን በሁለት ርጭት መካከል መድረቅ አለበት፤ ሁልጊዜ የረጠበ ቤት እንደ መጀመሪያው መስታወት ሳንባ ያበላሻል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ብርዱን በጣም ፈርቼው ነበር። ሌሊት መቀዝቀዙ ለደጋ እስስት ችግር እንዳልሆነ፣ እንዲያውም እንደሚያሳርፋት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ችግሩ ጠዋት ሳትሞቅ መቅረቷ ነው። የሰውነቷን ሙቀት ከውጭ የምታገኝ እንስሳ ካልሞቀች የበላችውን መፍጨት አትችልም፤ ምግቡም ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከጣሪያው በላይ 60 ዋት የሚሆን አሮጌውን ዓይነት የሚሞቅ አምፖል ሰቅዬ፣ ከሥሩ ያለው ቅርንጫፍ በቴርሞሜትር 28 ዲግሪ እንዲሆን፣ የታችኛው ክፍል ግን 20 እንዳያልፍ አደረግሁ። መጀመሪያ አምፖሉን ከውስጥ ሰቅዬው ስለነበር ተጠግታ ጀርባዋ ላይ የሳንቲም ያህል ተቃጠለች፤ እስስት ከላይ የሚመጣ ሙቀት እያቃጠላት መሆኑን ፈጥና አትረዳም። ክረምት ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ሙቅ ውሃ የሞላሁትን ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልዬ ከቤቱ አጠገብ አኖር ነበር፤ መብራቱ እስኪመጣም ምግብ አልሰጣትም።

ለጨረሩ አምፖል አልገዛሁም፤ የእኛ ፀሐይ ትበቃለች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቤቱን ከነእሷ ወደ ግቢ አውጥቼ፣ ግማሹን በነጠላ እሸፍነዋለሁ፤ ጥላ ያልተወላት እስስት ፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ልጆቹ በዚያ ሰዓት ይሰበሰቡና ነጠላው ላይ ብትወጣ ነጭ ትሆን እንደሆነ ይጠይቁኛል። አትሆንም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት ላይ እንዳሳዩት፣ ቀለሟ የሚለወጠው በቆዳዋ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲራራቁና ሲቀራረቡ ነው፤ የሚነግረንም የተቀመጠችበትን ነገር ሳይሆን ሙቀቷንና ስሜቷን ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚመታት ጎኗ ይጠቁራል፤ ሌሊት ተኝታ ፈዛዛ ትሆናለች። ሞቃ ውላ እኩለ ቀን ላይ ጠቁራ ካየኋት ግን አንድ ነገር አስጨንቋታል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ምክንያቱ ከመስኮቱ ላይ የተኛች ድመት ሆና ተገኘች።

ፌንጣ የሚያመጡልኝ ልጆች ነበሩ። አንድ ሳምንት ግን የበላችው ሁሉ አልስማማት ብሎ ስትዝል አየሁና ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው፣ ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ ዳር እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ፌንጣ ሁለት ቀን ክዳኑ በተበሳ ባልዲ ውስጥ ሳላቆይ አልሰጣትም፤ መድኃኒት የነካው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ የተረፈው ደግሞ ጎመን፣ ዱባና ካሮት እየበላ ይጠግባል፤ የፌንጣው ሆድ የያዘውን ነው እሷም የምታገኘው። ቆስጣም እሰጣቸው ነበር፤ ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበትና ካልሲየምን አስሮ ስለሚያስቀር ተውሁት። በረሮ ከቤት አልያዝሁላትም፤ የማን ቤት ምን እንደተረጨ አይታወቅም። የፌንጣው ርዝመት ከራሷ ስፋት እንዳይበልጥ እጠነቀቃለሁ። ፌንጣ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ይበልጣልና የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ እንደ በርበሬ በወንፊት ነፍቼ በየሁለተኛው ምግቧ ላይ እነሰንስ ነበር፤ ቅርፊቱ ከመቶ ከ90 በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዱቄቱ ካልላመ ከፌንጣው ላይ ይራገፋል።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ እሱ የሚያውቀው በሬና በግ ነበር። ኩሷን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ግን የትል እንቁላል አገኘና ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። ክብደቷ 31 ግራም ብቻ ስለነበር መድኃኒቱን በበግ ልክ መገመት እንደማይቻል ተናግሮ፣ መጠኑን አስልቶ ራሱ ሰጣት። እኔም ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱን ሚዛን ተውሼ በየእሑዱ እመዝናት ጀመር። ከሳምንታዊው ሚዛን በቀር ሳያስፈልግ አልነካኋትም፤ ከነካኋት በኋላም እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ምግብ አልቀርብም፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ይይዛሉና። የታመመች እስስት መታመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች፤ በዓይኔ ጤነኛ በምትመስለኝ ሳምንት ሦስት ግራም ቀንሳ ያገኘኋት ጊዜ ነበር፤ የመጀመሪያዋን ብመዝናት ኖሮ ከዓይኗ መስረግ በፊት ባወቅሁ ነበር።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ክብደቷ 58 ደረሰ። መብላት ተወች፤ ከቅርንጫፍ ወርዳ ወለሉን እየዞረች የሽቦውን ማዕዘን ትቧጥጥ ጀመር። ለማምለጥ መስሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ ግን በስልክ ሰምቶ «መምህር፣ እንቁላል አላት፤ የምትቆፍርበት ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይቀርባትና ትሞታለች» አለኝ። ወዲያው 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ባልዲ አሸዋና አፈር ቀላቅዬ፣ ሲጨበጥ እንዲጣበቅ ያህል አርጥቤ አስገባሁላት፤ ቤቱንም በጋቢ ሸፈንሁት። አንድ ቀን ከግማሽ ቆፈረች። በሁለተኛው ቀን ማታ አፈሩ ተመልሶ ተደልድሎ፣ እሷ አፈር በአፈር ሆና ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ አገኘኋት፤ ሚዛኗ 39 ነበር። ጠብታውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ለቀቅሁላት። አፈሩን በማንኪያ ስገልጥ አሥራ ሰባት እንቁላል ቆጠርሁ፤ ወንድ ዘንድ ሳትደርስ ብዙ ወራት አልፈዋልና አንዱም አልተፈለፈለም።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተስማማነው መሠረት፣ ሐኪሙ ኩሷን ዳግመኛ ካየ በኋላ፣ ተማሪው ካገኛት የሰንሰል አጥር መለስኋት። ከሌላ አገር የመጣ እንስሳ አጠገቧ ስላልነበረ በሽታ ይዛ ትሄዳለች የሚል ስጋት አልነበረኝም። እስስት ሌሊት በባትሪ ብርሃን ነጣ ብላ ስለምትታይ፣ ማታ ማታ እየሄድሁ እፈልጋት ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ከለቀቅኋት ቅርንጫፍ አልተነቃነቀችም፤ በሁለተኛው ሁለት ክንድ ያህል ወደ ላይ ወጥታ ተኝታ፣ የጎደለው ጣቷ ለይቶ እስኪታየኝ ድረስ ተጠጋኋት፤ በሦስተኛው ሌሊት አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ባየው አላገኘኋትም።