ብስክሌትን በአራት ጣት ላጣት ነበር

ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ ብስክሌት ሲነዱ እኔ ከኋላ እሮጥ ነበር። «እኔስ?» ስላቸው «ትወድቂያለሽ» ይሉኛል። በ37 ዓመቴ የራሴን ብስክሌት እስክገዛ ድረስ ያቺ «ትወድቂያለሽ» ከጆሮዬ አልወጣችም። መውደቁስ እንደፈራሁት አልነበረም። ከብስክሌት ሊያስቀረኝ የነበረው ማንም ያላስጠነቀቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ የመቀመጫ ከፍታ። አራት ወር በላብኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ለምን እንደምወዳት ግን አስቀድሜ ልናገር። በእግሬ ስሄድ ሐሳቤ ይቀድመኛል። መኪና ውስጥ ደግሞ መንገዱ ይቀድመኛል። ብስክሌት ላይ ሦስታችንም እኩል እንሄዳለን። ንፋሱ ፊቴን እስኪመታኝ እፈጥናለሁ፣ የማውቀውን ሰው ሰላም ለማለት ግን አልፈጥንም። ሩቅ መራመድ የማትችል ጓደኛ አለችኝ፤ ብስክሌት ላይ ክብደቷን መቀመጫው ስለሚሸከምላት እኔን ጥላኝ ትሄዳለች። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «ስልክ የማላነሳባት ብቸኛዋ ሰዓቴ ናት» ይላል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። የእኔ ግን በልጅነቴ የተከለከልኩት ነገር ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ስነዳ ደረቴ ይሰፋል።

መልመዱ ሁለት ሳምንት ወሰደ። ሁለቱንም ፔዳል ፈታሁ (የግራው ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው)። መቀመጫውን አወረድኩ። ለስላሳ ቁልቁለት ላይ መሬቱን በእግሬ እየገፋሁ ተንሸራተትኩ። ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 የነዳው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያም ፔዳል አልነበረውም፤ እሱም በእግሩ መሬት እየገፋ ነው የሄደው። ሚዛን ከያዝኩ በኋላ ፔዳሎቹን መለስኩ። በቃ፣ ነዳሁ። ሁለቴ ወደቅኩ፤ ክርኔ ተላጠ፤ አለቀ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ፔዳሎቹን መለስኩ፤ መቀመጫውን ግን አልመለስኩም።

ስገዛት አብሮኝ የሄደ ሰው አልነበረም። ሻጩ መቀመጫው ላይ አስቀመጠኝና ሁለቱም እግሬ መሬት ሙሉ በሙሉ መርገጡን አይቶ «ልክሽ ነው» አለኝ። ከብስክሌቷ ጋር የመጣው መመሪያ ወረቀትም ጀማሪ ተቀምጦ እግሩ መሬት መንካቱን ያረጋግጥ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትክክል ነው። እስከ መቼ እንደሆነ ግን ወረቀቱም ሻጩም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እግሬ መሬት ሲነካ ደስ ይለኝ ነበራ! ያ «ትወድቂያለሽ» ዝም የሚለው ያኔ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቴ ፊት ለፊት፣ ከሎሚው (ከጉልበቴ ክብ አጥንት) በታች፣ ያቃጥለኝ ጀመር። መጀመሪያ ዳገት ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ደረጃ ስወርድ። ከዚያ ማታ ተኝቼ እግሬን ስዘረጋ። ብስክሌቱን ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «አልለመድሽም፤ ስትነጂ ይለቅሻል» አለኝ። አመንኩት፤ ጨምሬ ነዳሁ። ይህን ምክር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ጡንቻ ሲደክም ይለምዳል፤ መገጣጠሚያ ሲያም ግን አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጉልበቴን ጫን ጫን አደረገው፣ ፎቶ አነሳኝ፣ ምንም አልተገኘም። «ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ብስክሌት መንዳት እንደጀመርኩ ነገርኩት። «እሱን ተዪው» አለኝ። በቃ ይኸው ነው። እንዴት እንደምነዳ፣ ጉልበቴ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። የማስታገሻ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንድ ወጣት በብስክሌት አለፈኝ። እግሩ ወደ ታች ሲረግጥ ዘርጋ ይላል። የእኔ ጉልበት ግን ሁልጊዜ ደረቴ አካባቢ ነበር። ልዩነቱ ዓይኔ ሥር እያለ «እሱ ረጅም ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኩት። በሻጩ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ የተናደድኩት በዚህ ነው።

ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፌ አሮጌ አንሶላ አለበስኳት። ሳያት ስለሚከፋኝ ነው። ወር ከምናምን እንደዚያው ቆመች። በመጨረሻ ልሸጣት ወሰንኩና አንድ ቅዳሜ ጠዋት እየገፋሁ ወጣሁ።

መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ብስክሌታቸውን ገልብጠው ሰንሰለት ያስተካክላሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጎማሽ ደህና ነው፤ ለምን ትገፊያለሽ?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው አባባ። ልሸጣት ነው።»

ጉልበቴን አላዩም። መቀመጫውን ነው ያዩት። «እስኪ ውጪበት» አሉና መሪውን ያዙልኝ። «ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ። አሁን ፔዳሉን እስከ ታች አውርጂው።» አወረድኩት። ጉልበቴ ገና እጥፍ እንዳለ ነው። «አየሽ፣» አሉኝ፣ «በተረከዝሽ ስትረግጪ እዚህ ጋ እግርሽ ቀጥ ማለት ነበረበት።»

ከቦርሳቸው መፍቻ አወጡ። የመቀመጫው ዘንግ ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ። ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ቀስ ብለው ሳቡት። ሲወጣ ቀለበት የመሰለ የዝገት መስመር አየሁ፤ ለወራት የቆመበት ቦታ ነው። ከዝገቱ በታች ያለው ብረት አዲስ ማንኪያ ይመስል ያበራል። ያን የሚያበራውን ክፍል በጣታቸው ለኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ጣት። ጉልበቴን የበላው ይኸው ነው።

በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ መቀመጫ ዝቅ ሲል ጉልበት በጣም ታጥፎ እያለ ነው ኃይል የሚያወጣው። ያኔ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር ይጫናል። ስለዚህ ሕመሙ ከፊት ይመጣል። ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ሕመሙ ወደ ጉልበት ጀርባ ይሄዳል፣ ዳሌም ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። የእግር ጣትሽ ሥር ፔዳሉ ላይ ሆኖ እግርሽ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ታጥፎ መቅረት አለበት። እኔ ስልኬን አስደግፌ ቪዲዮ ቀርጬ ነው ያየሁት። ዘንጉ ላይ የተቀረጸች የማስጠንቀቂያ መስመር አለች፤ እሷ ከወጣች መቀመጫው ሊሰበር ይችላልና አትለፉት። ደግሞ እንደኔ አራት ጣት በአንዴ አትጨምሩ። በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ይበቃል።

መቀመጫው ከፍ ሲል ግን ሌላ ጭንቅ መጣ። እግሬ መሬት አይደርስም! እንዴት ነው የምቆመው? ይህንንም ያስተማሩኝ እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። ለካ ሰው መቀመጫው ላይ ሆኖ አይቆምም። ፍሬን ይዘሽ አንዱን ፔዳል ታች አድርገሽ ትቆሚበታለሽ፣ ከመቀመጫው ወደ ፊት ትወርጃለሽ፣ ከዚያ ሌላውን እግር መሬት ታሳርፊያለሽ። አሥር ደቂቃ አለማመዱኝ። ይህን አሥር ደቂቃ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠኝ ሰው ቢኖር አራት ወር ባልባከነብኝ ነበር።

ብስክሌቷን አልሸጥኳትም። ሕመሙ ወዲያው አልለቀቀኝም፣ ወደ አምስት ሳምንት ወሰደ። ከባድ ማርሽ መግፋትም ትቼ ቀለል ባለ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማሽከርከር ጀመርኩ። እሱም ረድቶኛል።

ከዚያ ወዲህ በማንም ምክር ቶሎ አልስማማም። «የፊት ፍሬን አትንኪ፣ ትገለበጫለሽ» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ስትቆሚ ክብደትሽ ወደ ፊት ስለሚሄድ በደንብ የሚያቆምሽ የፊቱ ነው። በድንገት ጭምቅ አታድርጊው፤ እጅሽን ወጠር፣ ወገብሽን ወደ ኋላ ሳብ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ያዢው። እርጥብና አሸዋማ መንገድ ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። «ዳር ዳሩን ንጂ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ከቆሙ መኪኖች ጎን ተለጥፎ መንዳት በድንገት በሚከፈት በር መመታት ነው። እኔ በሩ ሙሉ ቢከፈት የማይደርስብኝን ያህል ራቅ ብዬ ነው የምነዳው። ከኋላ ጥሩምባ ቢነፉብኝም ይንፉ።

የራስ ቁር ግን አድርጉ። በዚህ አልከራከርም።

ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ተውሶ «አብረን እንንዳ» አለኝ። በልጅነቱ «ትወድቂያለሽ» ይለኝ የነበረው እሱ ነው። ከመነሳታችን በፊት ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አስደርጌ መቀመጫውን ሁለት ጣት ከፍ አደረግኩለት። ዳገቱ መሀል ስንደርስ ትንፋሹ ቆራረጠው። «ቆይ፣ ጠብቂኝ እንጂ!» ሲል ሰማሁት። ማርሽ አቀለልኩና ጫፍ እስክደርስ ነዳሁ። እዚያ ወርጄ፣ እግሬን መሬት አሳርፌ፣ ከታች እየመጣ ሳየው ቆየሁ።